በመሃል አዲስ አበባ አዳኝ አእዋፍንና ጥንብ አንሳዎችን መመልከትና ፎቶ ማንሳት

በመሃል አዲስ አበባ ቀና ብሎ ያየ ሰው በሰማዩ የሚዞር አሞራ አያጣም። ከተሜው ዓይኑ ስለለመደው ብዙም አይለየውም፤ ትልቁን ሁሉ አሞራ፣ ሥጋ የሚነጥቀውን ጭልፊት ብሎ ያልፋል። መነጽርና ካሜራ ለያዘ ሰው ግን ሌላው ዓለም በብዙ ድካም የሚያገኘው ወፍ እዚህ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ዋናው ቦታ ቄራ ነው። የእርድ ተረፈ ምርት ጭልፊቱን፣ ቁራውንና ጥንብ አንሳውን በአንድነት ይስባል። ከጥንብ አንሳዎቹ አዘውትሮ የሚታየው ትንሹ ነው፤ ላባው ቡናማ፣ መንቁሩ ቀጭን፣ ፊቱ ራቁት ሲሆን ሲቆጣ ፊቱ ደም ይመስላል። በቀጭን መንቁሩ ወፍራም ቆዳ መቅደድ ስለማይችል ትላልቆቹ በልተው እስኪነሱ ጠብቆ ከአጥንት ላይ የቀረውን ይለቅማል። ይህ ወፍ ከእ.ኤ.አ. 2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ነው። በአፍሪካ ካመናመኑት ምክንያቶች ዋነኛው መርዝ ነው፤ ለአውሬ ተብሎ የተመረዘውን ሥጋ እሱም ይበላዋል። ሴቷ በአንድ ጊዜ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ስለሆነ የሞተው ቶሎ አይተካም። ከተማችንን ሲያጸዳ የሚውል ፍጥረት ስሙ ለስድብ መዋሉ ያሳዝናል።

ጭልፊቱ በቢጫ መንቁሩና ጫፉ ለሁለት በተከፈለ ጅራቱ ይለያል። ከአውሮፓና ከእስያ ለክረምታቸው የሚመጡት ዘመዶቹ መንቁራቸው ጥቁር ነው። ከመስቀል አደባባይም ከፒያሳም ይታያል። ቁራዎች ተሰብስበው ሲጮሁ ደግሞ ቀና ማለት ይበጃል፤ ብዙ ጊዜ አንድ አዳኝ ወፍ እያሳደዱ ነው።

በጥቅምትና በኅዳር ከሩቅ የሚመጡት ይጨመራሉ። ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ የሚነሳው የስቴፕ ንስር ክንፉን ዘርግቶ የሚንሳፈፈው ከምድር በሚነሳ ሞቃት አየር ነው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኝ ጠባቡን መሻገሪያ ይመርጣል፤ ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በጅቡቲ በኩል ቆጣሪዎች ወደ 250,000 የሚጠጉ አዳኝ አእዋፍ ሲሻገሩ መዝግበዋል። ከዚያ ዳርቻ ወደ ውስጥ ከሚዘልቁት ከፊሎቹ የኢትዮጵያን ደጋ ይዘው ይጓዛሉ።

ይኸው ሞቃት አየር የፎቶግራፈሩንም ሰዓት ይወስናል። ማለዳ ወፎቹ ጣሪያና ዛፍ ላይ ተቀምጠው ስለሚቆዩ ፊታቸውን በለስላሳ ብርሃን ማንሳት ይቻላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ አየሩ ሲሞቅ መዞር ይጀምራሉ። 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል፤ ለበረራ ከ1/2000 ሰከንድ ያልዘገየ ፍጥነት ይመረጣል። ጥቁር ወፍ በብሩህ ሰማይ ላይ ጥላ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ብርሃኑን ካሜራው ከሚለካው አንድ ደረጃ መጨመር ያስፈልጋል። በሑዳዴ 55 ቀናት እርድ ስለሚቀንስ ለቄራ የፍስኩ ወቅት ይሻላል። በቤተ መንግሥትና በኤምባሲዎች አካባቢ ግን ረጅም ሌንስ ማውጣት ከጥበቃ ጋር ያጋጫል።

ያዩትን ለማመሳከር አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የአእዋፍ ናሙናዎች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም መቀመጫው እዚሁ አዲስ አበባ ነው።