«ፈጣሪ ለጥንዚዛ ያለው ፍቅር ከልክ ያለፈ ነው»፦ የአባባሉ ትርጉምና መነሻ

ነፍሳትን የሚያጠኑ ሰዎች ዘንድ ይህን አባባል የማያውቅ አይገኝም። የሚነገረው በእንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ በጄ ቢ ኤስ ሃልዴን ስም ነው። ሃልዴን እ.ኤ.አ. በ1892 ኦክስፎርድ ተወልዶ በ1964 ሕንድ ውስጥ ያረፈ ሰው ነው።

እንደሚተረከው ሃልዴን ከሃይማኖት ሊቃውንት ጋር ተቀምጦ ሳለ፣ ፍጥረትን በማጥናት ስለ ፈጣሪ ጠባይ ምን መረዳት እንደሚቻል ጠየቁት፤ መልሱም ይኸው አባባል ሆነ። ታሪኩን በጽሑፍ ያስፋፋው ጂ ኢቭሊን ሃቺንሰን የተባለ የየል ዩኒቨርሲቲ ምሁር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ ግርጌ ላይ አስፍሮታል። እሱም ቢሆን ነገሩ እንዲያው የተወራ ሊሆን እንደሚችል አልሸሸገም። የሊቃውንቱ ጥያቄ ያጠራጥር እንጂ ሐሳቡ የሃልዴን መሆኑ አያጠራጥርም። በ1940ዎቹ ባወጣው መጽሐፍ፣ ፈጣሪ በአንድ በኩል ለከዋክብት በሌላ በኩል ለጥንዚዛ የተለየ ፍቅር ያለው እንደሚመስል ጽፏል። ምክንያቱንም አስቀምጧል፤ በዘመኑ የታወቁት የጥንዚዛ ዝርያዎች ወደ 300,000 ሲጠጉ የወፎች ግን 9,000 እንኳ አይሞሉም ነበር። በ1951 ባደረገው ንግግርም ከዋክብትንና ጥንዚዛን አብሮ አንሥቷል። አባባሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ከዋክብቱ ተረሱና ጥንዚዛ ብቻዋን ቀረች።

ብዙዎች አባባሉን የቁጥር ነገር አድርገው ይወስዱታል። እርግጥ ዛሬ ስም የወጣላቸው ጥንዚዛዎች 400,000 ገደማ ደርሰዋል፤ ከሚታወቁት የእንስሳት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ ማለት ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ይህ ቁጥር አንድ በአንድ የተለቀመ መሆኑ ነው። ለዚህም የጭቃ ጥንዚዛዎችን የሚያህል ምስክር አላገኘሁም።

ሄቴሮሴሪዴ የሚባለው የጭቃ ጥንዚዛዎች ቤተሰብ 300 ያህል ዝርያዎች አሉት። ርዝመታቸው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። በወንዝና በሐይቅ ዳር ርጥብ ጭቃ ውስጥ እየማሱ ይኖራሉ፤ ጭቃውንም ከነአልጌው (በርጥብ ስፍራ ከሚገኙ ዕፅዋት መሰል ደቃቅ ፍጥረታት ጋር) እየዋጡ ይመገባሉ። ሰውነታቸው ለዚሁ ሥራ የተበጀ ነው። እግራቸው ጠፍጣፋና በእሾህ ረድፍ የታጠረ ነው፤ መንጋጋቸው ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው፤ አጭሩ አንቴናቸው ደግሞ ወደ ጫፉ ሲደርስ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል። ገላቸውን ጥቅጥቅ ያለ ደቃቅ ፀጉር ይሸፍነዋል። ሰብሳቢዎች ጭቃውን ቆፍረው አይደክሙም፤ ዳርቻው ላይ ውኃ ይረጩበታል። መኖሪያቸው ሲጥለቀለቅ ጥንዚዛዎቹ ራሳቸው ወጥተው ይበርራሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ከተያዙ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ቡናማ ሆነው በክንፍ ሽፋናቸው ላይ ቢጫ ጥምዝ ምልክት አላቸው፤ ምልክቱ ግን በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ይሰፋል፣ ይጠብባል፣ አንዳንዴም ይደበዝዛል። በቀለም ብቻ የፈረደ ይሳሳታል። ስለዚህ ወንዱ በማጉያ መሣሪያ ሥር ተከፍቶ የመራቢያ አካሉ ቅርጽ ይታያል፤ ዝርያው በትክክል የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነው። አዲስ ዝርያ ከተገኘም ከዘመዶቹ በምን እንደሚለይ በጽሑፍ ይብራራል፣ ስሙን የሚሸከም ናሙናም ተመርጦ በሙዚየም ይቀመጣል። ሄቴሮሴረስ ፌኔስትራተስ የተባለውን ዝርያ ስዊድናዊው ካርል ፒተር ቱንበርግ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1784 ነው፤ ስሙም እስከ ዛሬ የሚያያዘው ከዚያ ገለጻ ጋር ነው።

አባባሉም በተለይ የሚነሳው፣ አንድ ሰው ዕድሜውን እንዲህ ባለች ፍጥረት ላይ ለምን እንደሚያሳልፍ ሲጠየቅ ነው። «እዚህ ግባ የማይባል» የምንለው ፍጥረት በእንዲህ ያለ ጥንቃቄ ተለይቶ የተሠራ ከሆነ ተመልካቹም ያንኑ ያህል ሊጠነቀቅለት ይገባል ማለት ነው፤ እኔም በዚህ ትርጉም ከልቤ አምናለሁ።

በቅርብ ዓመታት፣ በሌሎች ነፍሳት ላይ እንቁላላቸውን የሚጥሉ ጥቃቅን ተርቦች በዝርያ ብዛት ጥንዚዛን ሊበልጡ ይችላሉ የሚሉ ተመራማሪዎች ተነሥተዋል። ከእነዚህ ተርቦች አብዛኞቹ ገና ስም ስላልወጣላቸው፣ ስም ባላቸው ዝርያዎች ቆጠራ እስካሁን የሚመሩት ጥንዚዛዎች ናቸው።