ሴትዮዋ ሌላ፣ እኔ ሌላ

ፒያሳ አንድ አዳራሽ ውስጥ በእንቅስቃሴና በድምፅ የሠራሁትን የመድረክ ሥራዬን አቅርቤ ስጨርስ አንዲት እናት እጄን ያዝ አድርገው “አይዞሽ ልጄ፣ ያልፋል” አሉኝ። እንባቸው ቀርቦ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ሽርጥ አሸርጬ አንዲት ዝምተኛ የቤት እመቤት እሆናለሁ። ሙቀጫው ላይ ትንሽ ማይክ ለጥፌ ቡና እወቅጣለሁ። በመጨረሻ ሁለት ስኒ እቀዳለሁ። ሁለተኛውን የሚጠጣ ሰው የለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አክስቴ ደውላ “ተጣላችሁ እንዴ?” አለችኝ። ባለቤቴን ጎረቤት በጎሪጥ ማየት ጀምሯል። ኧረ ተዉ!

ሴትዮዋ እኔ አይደለሁም። ይሄ ለእኛ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። ለቅሶ ቤት አስለቃሿ ለማታውቀው ሟች ስታንጎራጉር “ምኗ ነው?” የሚል የለም። አዝማሪ ስለከዳችው ወዳጁ ሲዘፍን ቤቱ ሄዶ የሚያጣራ የለም። ሴት ጓዳዋን መድረክ ላይ ስታወጣ ግን የግድ የራሷ ብሶት ይሆናል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። አሜሪካዊቷ የጥበብ ሰው ማርታ ሮዝለር እ.ኤ.አ. በ1975 በሠራችው ቪዲዮ ሽርጥ ለብሳ የወጥ ቤት ዕቃዎችን በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ እያነሳች ታሳያለች። ምንም አታበስልም። በሹካው አየሩን ትወጋለች። የምትተቸው የቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅቶችን ነው፤ የራሷን ትዳር እየተናገረች አይደለም።

እንዲህ ድምፅን ጥበብ ማድረግ “የፈረንጅ ፈጠራ ነው” የምትሉም አላችሁ። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀድቶ፣ ድምፁን እየለዋወጠ ሥራ ሠርቶበታል። በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ የባህል ሙዚቃ ቡድኑን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም እ.ኤ.አ. በ1963 ያቋቋመው እሱ ነው።

“ድምፁ ለምን አይጨምርም?” ጀበና ሲንተከተክ የሚሰማው ሰው ዝም ሲል ነው።

“ቡና መውቀጥ ማን ያቅተዋል?” መውቀጡንማ ማንም ይወቅጣል። ግን ጆሯችሁን ስጡት። ፍሬው ሲሰበር ቋ ቋ ይላል። እየላመ ሲሄድ ድምፁ ይታፈናል፣ ዱብ ዱብ ይሆናል። ያ ለውጥ ኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠውም እንዲሰማ ሁለት ወር ለፍቻለሁ።

እና እባካችሁ፣ ስታገኙኝ ስለ ባለቤቴ ሳይሆን ስለ ሴትዮዋ ጠይቁኝ። ስለ ሰማችሁት ድምፅ ጠይቁኝ። እኚያ እናት ለሁለተኛ ጊዜ መጥተው ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙት። ሲያበቃ ጠጋ ብለው “መጨረሻ ላይ ባዶ ሙቀጫ ነው የምትወቅጠው፣ አይደል?” አሉኝ።

አዎ፣ ባዶውን ነው።