ከጓደኝነት የሚወለድ ፍቅር ምንድን ነው?

አንዲት ሴት ስለ ወንድ ጓደኛዋ ስትጠየቅ «እሱማ ወንድሜ ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። አብረው ተምረዋል፣ ከእናቱ ቤት ቡና ጠጥታለች፣ ከሌላ ሴት ጋር ሲጣላ የመከረችውም እሷ ናት። ከዚያ እሱ ለሥራ ዱባይ ይሄዳል፤ እሷም በራሷ ኑሮ ትጠነክራለች። ከአራት ዓመት በኋላ ሲገናኙ ግን ዓይን ዓይኑን ማየት ያሳፍራታል። ምን መጣ?

ነገሩ ብርቅ አይደለም። በካናዳ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የሆኑት ዳኑ አንቶኒ ስቲንሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተጠየቁት 1,900 ያህል ሰዎች ሁለት ሦስተኛው ፍቅራቸው በጓደኝነት እንደተጀመረ ተናግረዋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹማ ፍቅር ከመጀመራቸው በፊት በአማካይ 22 ወራት ጓደኛሞች ነበሩ። አማርኛችንም ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል፦ «ወዳጅ» ለጓደኛም ለፍቅረኛም ይባላል፤ ሥሩም «ወደደ» ነው።

ታዲያ መራራቁ ምን ይጨምራል? የሥነ ልቦና ምሁሩ ሮበርት ስተርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስረዱት ፍቅር መቀራረብን፣ የጋለ ስሜትንና ቁርጠኝነትን ይይዛል። የልብ ጓደኛሞች መቀራረቡ ሞልቷቸዋል፤ የሚጎድላቸው ግለቱ ነው። ሌሎቹ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አርተር አሮንና ኢሌን አሮን ደግሞ «ራስን ማስፋት» በሚለው ሐሳባቸው፣ የፍቅር ግለት የሚነሳው በሌላው ሰው በኩል የእኛ ዓለም ሲሰፋ ነው ይላሉ። በየቀኑ የምናገኘውን ጓደኛ ገና አፉን ሳይከፍት ምን እንደሚል እናውቃለን። ሄዶ፣ ወድቆ ተነስቶ፣ ሌላ ሙያ ወይም ሌላ ትዕግሥት ይዞ ሲመለስ ግን ያው የምናምነው ሰው እንደ አዲስ ይተዋወቀናል። እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ርቀት ብቻውን ፍቅር አይፈጥርም፣ ሁለቱም ካላደጉበት ያው ድሮ የነበሩትን ሆነው ይገናኛሉ።

ናፍቆት ደግሞ ፍቅር ይመስላል። በስልክ የምናወራው ሰው ጉድለቱ አይታየንም፤ ያልታየውን በምኞታችን እንሞላዋለን። በተለይ ስደት ላይ ያለ ሰው የአገሩን ናፍቆት በአንድ ጓደኛው ድምፅ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል። ይህ ጥፋት አይደለም፣ ሲገለጥ ግን ሁለቱንም ያማል። ጨዋታቸው ሁሉ «ታስታውሻለሽ?» ከሆነ የናፈቃቸው ያለፈው ዘመን ነው። «አሁን ምን ያስጨንቅሻል?» ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱም የሚያስገርመው ሰው ግን የዛሬዋን ሴት እያያት ነው።

ስሜቱ የአቀባበሉ ደስታ አልፎ፣ የታክሲ ሰልፍና የሥራ ድካም ባለበት ተራ ሳምንት ውስጥም ከቆየ መናገር ይሻላል፤ በቀጥታ፣ ሰው በሌለበት፣ መልስ ሳያጣድፉ። መልሱ «አንተ ለኔ ወንድሜ ነህ» ከሆነም ሳያኮርፉ መቀበል ነው፤ ለጥቂት ጊዜ መራቅ ቢያስፈልግ እንኳ ለምን እንደሚርቁ ነግሮ መራቅ።