የዓይን ጠብታ ማገዣ ምንድን ነው?

የዓይን ጠብታ ማገዣ ጠርሙሱን ዓይን ላይ አስተካክሎ ለመያዝ፣ ሳይቸገሩ ለመጭመቅ ወይም የጠብታዋን መጠን ለማሳነስ የሚረዳ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፕላስቲክ ይሠራል። በውስጡ መድኃኒት የለም። ሥራው መድኃኒቱን የሚገባበት ቦታ ማድረስ ብቻ ነው።

ለምን አስፈለገ? ከተለመደው ጠርሙስ የምትወጣ ጠብታ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ማይክሮሊትር (አንድ ማይክሮሊትር የሚሊሊትር አንድ ሺህኛ ነው) ትሆናለች። ዓይን ግን መያዝ የሚችለው ቢበዛ 30 ማይክሮሊትር ገደማ ነው፤ ከዚህም 7 ያህሉን የራሱ እንባ ቀድሞ ይዞታል። ስለዚህ በትክክል ያረፈች ጠብታ እንኳ ግማሿ ጉንጭ ላይ ትፈሳለች፣ ወይም በእንባ ቱቦ በኩል ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ትወርዳለች። ጠብታ ካደረጉ በኋላ ጉሮሮ የሚመርረው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የሚንቀጠቀጥ እጅ ወይም በመገጣጠሚያ ሕመም የደከመ ጣት ሲጨመር ነገሩ ይከብዳል። ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ) ያለበት ሰው ጠብታውን ለዓመታት፣ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ያደርጋል፤ ጠብታው በየቀኑ ቢስትበትም ሕመም ስለማይሰማው ጉዳቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። እንዲህ ያሉ ታካሚዎች «መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስዱም» ተብለው ሲወቀሱ ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጠርሙሱ ነው።

ከማገዣዎቹ ሁሉ በብልሃቱ የምወደው ማነጣጠሪያውን ነው። እንደ ትንሽ ሲኒ ዓይን ዙሪያ ያርፋል፤ ጠርሙሱ ከላይ ይሰካበታል፤ ጠርዙ የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ስቦ ይይዛል። በአንዳንዶቹ ላይ ከጠርሙሱ አፍ አጠገብ ቀዳዳ አለች። ታካሚው ዓይኑን ቀዳዳዋ ላይ ሲተክል የምትወርደውን ጠብታ አያያትም፤ ስላላያትም ደንግጦ አይጨፍንም። ጣቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ጠርሙሱን በሙሉ እጅ ለመጭመቅ የሚያስችል ሰፊ ክንፍ ያለው መያዣ አለ። ጠርሙሱ አፍ ላይ ተገጥሞ ጠብታዋን ወደ 10 ማይክሮሊትር ገደማ የሚያወርድም ተሠርቷል።

ጠርሙሱም ራሱ እየተለወጠ ነው። በተለመደው ጠርሙስ ውስጥ ጀርም እንዳያድግ እንደ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ያለ ኬሚካል ይጨመራል፤ ይህ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይንን ገጽ ይቆጠቁጣል፣ ያደርቃል። መፍትሔ ሆነው የመጡት ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ ትንንሽ ብልቃጦች፣ እንዲሁም ጠብታውን አስወጥተው ፈሳሽም ጀርምም ወደ ውስጥ እንዳይመለስ የሚከለክሉ ባለ ቫልቭ ጠርሙሶች ናቸው። ሁለቱም እንከን አላቸው፦ ብልቃጦቹን ጠምዝዞ መክፈት ለደካማ ጣት ይከብዳል፣ ከባለ ቫልቮቹም አንዳንዶቹ ጠንከር ያለ መጭመቅ ይፈልጋሉ። ኬሚካሉን አውጥቶ ጥበቃውን መዘንጋት ግን የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ በተበከለ ሰው ሠራሽ እንባ ምክንያት ሰዎች ዓይናቸውን አጥተዋል፣ የሞቱም አሉ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ካነሳቸው ጉድለቶች አንዱ ተደጋግሞ በሚከፈት ጠርሙስ ውስጥ በቂ መከላከያ አለመኖሩ ነበር።

በዚያው ዓመት እዚያው አገር የዓይን ብሌን የሚያሰፋ በርጭት የሚሰጥ መድኃኒት ተፈቅዷል። አንድ ርጭት 8 ማይክሮሊትር ገደማ ነው፤ ወደ ጎን ስለሚረጭ ራስን ወደ ኋላ ማዘንበልም አያስፈልግም።

ማገዣ ለመግዛት ያሰበ ሰው የራሱን ጠርሙስ ይዞ ይሂድ፤ የጠርሙስ ቅርጽ ስለሚለያይ ሁሉም ለሁሉም አይገጥምም። ዓይን የሚነካውን ክፍል በየጊዜው ማጠብም ግድ ነው። ማገዣ ለሌለው፦ እጅን ታጥቦ ጋደም ማለት፣ ጠርሙሱን የያዘውን እጅ ግንባር ላይ ማሳረፍ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ ጫፉ ሽፋሽፍት እንኳ ሳይነካ አንድ ጠብታ ማድረግ፣ ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት ቀስ ብሎ መጫን። ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የፊተኛውን አጥቦት ይሄዳል።