ፓራቤን ምንድን ነው? የደረቅ ሽሮና የሽሮ ወጥ ነገር

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ሁለት የቅባት ዕቃ ይዛ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። አንዱ ከሱቅ የገዛችው፣ ገና ግማሹ ያላለቀ የሰውነት ሎሽን ነው። ሌላው ቤቷ እያዘጋጀች ከምትሸጥ ሴት የገዛችው የእሬት ክሬም ሲሆን፣ ክዳኑ ላይ በእስክሪብቶ “ከፓራቤን ነጻ” ተብሎ ተጽፎበታል። “ዶክተር፣ ሎሽኑ ላይ ፓራቤን የሚል ስም አገኘሁ፤ ልጣለው አይደል?” አለችኝ።

እኔን ያሳሰበኝ የእሬቱ ክሬም ነበር። ከፈትኩት። በክዳኑ የውስጥ ገጽ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ሦስት ጥቋቁር ነጥቦች አሉ፤ ዙሪያቸውን ግራጫ ጭገር አብቅለዋል። ከባሕር ዛፉ ዘይት ሽታ ሥር የሻገተ እንጀራ ሽታ ይሸታል። ይህችን ነገር ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ፊቷን፣ ዓይኗ ሥር ሳይቀር፣ ስትቀባው ቆይታለች።

ፓራቤን ካንሰር ያመጣል የሚል ወሬ ሰምተው “ከፓራቤን ነጻ” የሚለውን ጽሑፍ እንደ ጤና ዋስትና የሚቆጥሩ ሰዎች በየቀኑ ያጋጥሙኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

ፓራቤን የአንድ ነገር ስም አይደለም፤ የቤተሰብ ስም ነው። ሜቲልፓራቤን፣ ኤቲልፓራቤን፣ ፕሮፒልፓራቤን፣ ቡቲልፓራቤን እየተባሉ በዕቃው ጀርባ ይጻፋሉ። ሥራቸው ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳይራባ ማገድ ነው፤ ማቆያ ናቸው። ማቆያ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ደግሞ ከወጥ ቤት የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

ደረቅ ሽሮ በጣሳ ተከድኖ ወራት ይቀመጣል። ያው ሽሮ በውኃ ተበጥብጦ ወጥ ሲሆን ግን ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት በማግሥቱ ይኮመጥጣል። ልዩነቱ ውኃው ነው። ንጥር ቅቤ የሚቆየው፣ ለጋ ቅቤ የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስናነጥረው ውኃውን እናባርራለን። ረቂቅ ተሕዋስያን ያለ ውኃ አይራቡም። ቫዝሊን፣ የኮኮናት ዘይት፣ የጉሎ ዘይት፣ የሺአ ቅቤ ውኃ ስለሌላቸው እንደ ደረቁ ሽሮ ናቸው። ፓራቤን ቀድሞም አያስፈልጋቸውም። በቫዝሊን ዕቃ ላይ “ከፓራቤን ነጻ” ብሎ መጻፍ በጨው ከረጢት ላይ “ስኳር የለበትም” እንደማለት ነው፤ ሐሰት አይደለም፣ ግን ገዢውን ያሳስታል።

ሎሽን፣ ክሬም፣ ሻምፑ፣ የፊት ማጽጃ ግን የሽሮ ወጥ ናቸው። በብዙዎቹ ከሁሉም የሚበዛው ውኃ ነው፤ በዕቃው ጀርባ ያለውን የንጥረ ነገር ዝርዝር የመጀመሪያ ቃል አንብቡት። የእሬት ፈሳሽ፣ የአብሽ ውኃ፣ ማር ሲጨመርበት ደግሞ ለተሕዋስያኑ ምግብ ጨመርንላቸው ማለት ነው። ወጥ ሲያድር እናሞቀዋለን፤ ክሬም ቢሞቅ ዘይቱና ውኃው ይለያያል። እናቶቻችን “እርጥብ ማንኪያ በርበሬ ውስጥ አታግቡ” ይሉናል፤ ክሬም ውስጥ ግን በየቀኑ እርጥብ ጣት እናገባለን፣ ያውም በሞቀ መታጠቢያ ቤት። ይህን ሁሉ ለወራት የሚቋቋመው በውስጡ ያለው ማቆያ ነው።

ምሳሌው የሚከዳኝ ቦታም አለ። የተበላሸ ወጥ በጠረኑ ይናገራል፣ የተበላሸ ክሬም ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ የበዛበት ክሬም ነጭ ሆኖ፣ ጽጌረዳ ጽጌረዳ እየሸተተ ሊቀመጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ በዚሁ ባክቴሪያ የተበከለ ማስካራ ይጠቀሙ የነበሩ ሴቶች፣ ብሩሹ የዓይናቸውን ብሌን ጫር ሲያደርገው፣ ዓይናቸው ቆስሎ እይታቸው ተጎድቷል። የዚያች ልጅ ሻጋታ ራሱን አሳይቶ በጊዜ አስጠንቅቋታል።

በዚህ ጉዳይ በጻፍኩ ቁጥር “ልትበሉት የማትችሉትን አትቀቡ” የሚል አስተያየት የሚልክልኝ ሰው አለ። ወንድሜ፣ የሽሮ ወጥ ይበላል፤ ታዲያ ሦስት ሳምንት የቆየውን ትበላዋለህ? ሎሚም ይበላል፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ፊት ግን ተቃጥሎ ወራት የማይለቅ ጥቁረት ይዞ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሆድና ቆዳ ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው፤ አንዱ የሚያስገባውን ሌላው የማይችልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፓራቤን ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ20 የጡት ዕጢ ናሙናዎች ውስጥ ፓራቤን ማግኘታቸውን አሳተሙ። ጥናቱ ጤነኛ ጡትን አላነጻጸረም፤ ፓራቤኑ ከመዋቢያ ይሁን ከምግብ ወይም ከመድኃኒት አልለየም፤ ዕጢውን ያመጣው ፓራቤን ነው ብሎም አልደመደመም። ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ ሲተላለፍ ግን “ተገኘ” የሚለው ቃል “አመጣ” ወደሚል ተለወጠ።

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ነገር ካልጨመርኩ ግን አጉድያለሁ። ፓራቤን ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴቶች ሆርሞን የመምሰል ጠባይ አለው። ጉልበቱ ከእውነተኛው ሆርሞን ከሺህ ጊዜ በላይ የደከመ ቢሆንም ጨርሶ የለም አይባልም፤ ከቤተሰቡም የሞለኪውል ሰንሰለታቸው የረዘመው፣ ፕሮፒልና ቡቲል፣ የበለጠ ይመስሉታል። የአውሮፓ ኅብረት ሁሉንም በአንድ ዓይን የማያየው ለዚህ ነው። ለሜቲልና ለኤቲል እስከ 0.4 በመቶ ፈቅዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የፕሮፒልንና የቡቲልን ድምር ወደ 0.14 በመቶ አወረደ፤ ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የዳይፐር ሥር ቅባትም ከለከላቸው። ሌሎች አምስት የፓራቤን ዓይነቶችን ደግሞ፣ አምራቾች የደኅንነት መረጃ ስላላቀረቡላቸው፣ በዚያው ዓመት ጨርሶ አገዳቸው። ስለዚህ ለሕፃን ቅባት የምትገዛ እናት ፕሮፒልና ቡቲል የሚሉ ስሞችን ብትሸሽ አልቃወማትም። ሜቲልፓራቤን ያለበትን ሎሽን የምትጥለውን ግን አስቁሜ አነጋግራታለሁ።

ምክንያቱም አንዱ ማቆያ ሲወጣ ሌላ መግባቱ አይቀርም። ፓራቤን በወሬ ሲባረር ብዙ ኩባንያዎች ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባል ማቆያ አስገቡ። ውጤቱ በተለይ በአውሮፓ የአለርጂ ማዕበል ሆነ፤ ፊታቸው ያበጠ፣ እጃቸው የተሰነጣጠቀ ሰዎች የቆዳ ክሊኒኮችን አጨናነቁ። የአሜሪካ የንክኪ ደርማታይተስ (አንድ ነገር ሲነካው የሚመጣ የቆዳ ቁጣ) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ንጥረ ነገር “የዓመቱ አለርጂ አምጪ” አለው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይታጠብ በቆዳ ላይ በሚቀር ቅባት ሁሉ ከለከለው። ያው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ፓራቤንን መርጦ “የዓመቱ አለርጂ የማያመጣ” ብሎ ሰየመው። አሥር ዓመት ሙሉ ሰዎች ከሚሻለው እየሸሹ ወደሚብሰው ሄደዋል፤ ይህን ሳስብ አሁንም እቆጫለሁ።

“የእኔ ማቆያ ተፈጥሯዊ ነው” የሚሉም አሉ። ግሬፕፍሩት ከሚባለው ብርቱካን መሰል ፍሬ ዘር ወጣ እየተባለ የሚሸጠው ጭማቂ በጀርመን ሲመረመር፣ ከስድስት ናሙናዎች አምስቱ ቤንዜቶኒየም ክሎራይድ የሚባል ሰው ሠራሽ ጀርም ገዳይ ተገኘባቸው፤ የጸዳው ስድስተኛው ተሕዋስያንን የመግደል ኃይል አልነበረውም። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ላይ ስሙን የምታነቡት ሶዲየም ቤንዞኤትም በሚገባ የሚሠራው ኮምጣጣ በሆነ ነገር ውስጥ ብቻ ነው፤ ሳሙናነት ባለው ቅባት ቢጨመር የለም ማለት ነው። በቤት ለሚያዘጋጁ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ውኃ የሌለበትን አዘጋጁ፤ ውኃ ካለበት በማቀዝቀዣ አስቀምጣችሁ በጥቂት ቀናት የሚያልቀውን ብቻ ሥሩ። አትሽጡት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳምመኝ ሌላ ነው። ያንኑ ሎሽን በፍርሃት የምትጥል ሴት፣ ከቦርሳዋ የንጥረ ነገር ዝርዝር የሌለው ፊት የሚያቀላ ክሬም ስታወጣ አያለሁ። በእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ውስጥ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ መወሰድ ያለበት ክሎቤታሶል የሚባል ኃይለኛ የስቴሮይድ ቅባት፣ አውሮፓ ከቆዳ ማቅያ መዋቢያዎች ያስወጣው ሃይድሮኪኖን በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ክሎቤታሶል መጀመሪያ ፊትን ያለሰልሳል፣ ያጠራል፤ ወራት ሲቀቡት ቆዳው ሳስቶ ቀይ ደም ሥሮች ይታዩበታል፤ ባቆሙት ጊዜ ፊቱ ይነድዳል። ያ ዕቃም ከፓራቤን ነጻ ሊሆን ይችላል።

ለወጣቷ ሎሽኗን መለስኩላት፤ የእሬቱን ክሬም እዚያው ጣልነው። በሎሽኑ ዕቃ ላይ የተከፈተ ማሰሮ ሥዕልና በውስጡ 12 ቁጥር ከኤም ፊደል ጋር አሳየኋት፤ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ያገለግላል ማለት ነው። ችፌ እንዳለባት ስትነግረኝ ግን ምክሬን አሻሻልኩ፤ ፓራቤን ደኅና ቆዳን እምብዛም ባያስቆጣም፣ በተሰነጣጠቀ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ ሲቀቡት አልፎ አልፎ አለርጂ ያስነሳል። ስለዚህ ሎሽኑን በክንዷ የውስጥ በኩል፣ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት በሚያህል አንድ ቦታ ላይ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለሰባት ቀን እንድትቀባ፣ ቦታው ካሳከከ ወይም ከቀላ አቁማ ወደ ቆዳ ሐኪም እንድትሄድ ነገርኳት። ችፌው እስኪደርቅ ድረስ ለዚያ ቦታ ቫዝሊን ይበቃታል።