«የሕግ ግምት» ምንድን ነው? የኤጀንት ኦሬንጅ ካሳ የቆመበት ቃል

ግምት ስንል ብዙ ጊዜ ያልተረጋገጠ ነገር ማለታችን ነው። «በግምት ሃምሳ ሰው መጥቷል» እንላለን፤ አርባም ሊሆን ይችላል፣ ስድሳም። ሕግ ውስጥ ግን ቃሉ ሌላ ነው። ሕጉ «ይህን ካሳየኸኝ ያንን እንዳለ እቆጥረዋለሁ» ሲል የሕግ ግምት ይባላል። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተሰብ ሕጋችን በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው። እናትየዋ ምስክር ቁጠሪ አትባልም። አይደለም የሚል ካለ እሱ ያስረዳ።

ከቬትናም የተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች በፀረ አረም መርዝ ሳቢያ የሚያገኙት ካሳ የቆመው በዚሁ ቃል ላይ ነው። (ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1962 እስከ 1971 ድረስ የአሜሪካ አየር ኃይል በደቡብ ቬትናም ላይ ከ70 ሚሊዮን ሊትር በላይ ፀረ አረም ረጨ። ዓላማው ሁለት ነበር፦ ተዋጊ የሚደበቅበትን ጫካ ማራገፍና ተዋጊውን የሚቀልበውን ሰብል ማጥፋት። ከሁሉም በብዛት የተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ ነው። ስሙ ከብርቱካን ጋር ምንም አያገናኘውም፤ በርሜሉ ላይ ከተቀባው ብርቱካናማ መስመር የመጣ ነው። ሁለት ፀረ አረሞች እኩል ለእኩል ተቀላቅለው የተሠራ ሲሆን፣ አንደኛው ፋብሪካ ውስጥ ሲመረት ዳዮክሲን የሚባል መርዝ አብሮ ይፈጠር ነበር። ጣጣው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

አሁን በወታደሩ ቦታ ሆነን እናስበው። በ20 ዓመቱ ቬትናም ዘምቷል። በ40 ዓመቱ ካንሰር ያዘው። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ወታደሮቹ በአጭሩ «ቪኤ» የሚሉት፣ እንደ ወትሮው ሦስት ነገር ይጠይቀዋል፦ በሽታህን አሳይ፣ በአገልግሎት ላይ ምን እንደደረሰብህ አሳይ፣ ሁለቱ እንደሚገናኙ አስረዳ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ሐኪም ይጽፈዋል። የቀሩትን ከየት ያመጣል? የትኛው አውሮፕላን በየትኛው ቀን በላዩ እንዳለፈ ማን መዘገበለት? ደሙንስ ያኔ ማን ለካው? መሥሪያ ቤቱ በ1985 ባወጣው ደንብ ከዳዮክሲን ጋር ይገናኛል ብሎ የተቀበለው አንድ በሽታ ብቻ ነበር፤ ክሎራክኔ የተባለ የቆዳ ሕመም። ያንን ደንብ ፍርድ ቤት በ1989 አፈረሰው።

መርዙን ያመረቱት ኩባንያዎች ደግሞ ወታደሮቹ ከሰሷቸው፤ በ1984 በ180 ሚሊዮን ዶላር ታርቀው ከክሱ ወጡ። ገንዘቡ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ለሕመምተኛው ሲከፋፈል ግን ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ ለሆነ ሰው እንኳ ጣሪያው 12,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ያውም በዓመታት ተከፋፍሎ።

ነገሩን የለወጠው በ1991 የወጣው የኤጀንት ኦሬንጅ ሕግ ነው። ሕጉ ሁለት ግምት ደረደረ። አንደኛው፦ ከጥር 9 ቀን 1962 እስከ ግንቦት 7 ቀን 1975 ባለው ጊዜ ቬትናም ያገለገለ ሁሉ መርዙ ነክቶታል። ሁለተኛው፦ መርዙ የነካው ሰው በዝርዝሩ ካሉት በሽታዎች አንዱ ከያዘው፣ ያመጣበት አገልግሎቱ ነው። ስለዚህ ሳይጎን ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሲተይብ የከረመ፣ በርሜሉን በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ የፕሮስቴት ካንሰር ቢይዘው የስንብት ወረቀቱንና የሐኪሙን ማስረጃ ያቀርባል። በቃ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የጉዳቱ መጠን በመቶኛ ተተምኖ ከግብር ነፃ የሆነ ወርሃዊ ክፍያ መወሰን ነው። መንግሥት ግምቱን ማፍረስ ይችላል፤ ግን ማስረዳቱ የእሱ ዕዳ ነው።

«ስኳርና ደም ግፊትማ ጦር ሜዳ ረግጦ የማያውቀውንም ይይዛል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በ2001፣ የደም ግፊት ደግሞ በ2022 ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል። ቬትናም ባይሄዱም ይታመሙ የነበሩ ሰዎች ካሳ እንደሚያገኙ አልጠራጠርም። ግን የትኛው በመርዙ፣ የትኛው በዕድሜው እንደታመመ የሚለይ ምርመራ የለም። ሕጉ ከሁለት ስህተት አንዱን መምረጥ ነበረበት፦ መርዙ ላልጎዳው መክፈል ወይም መርዙ የጎዳውን መከልከል። የመጀመሪያውን መረጠ። እኔም ብሆን ይሄኛውን እመርጥ ነበር።

ግምት ሲኖር ደግሞ ወሰኑ የት ነው የሚል ክርክር አይቀርም። መሥሪያ ቤቱ እግሩ የቬትናምን አፈር ካልረገጠ አይሆንም ብሎ በባሕር ዳርቻው የነበሩ መርከበኞችን ለዓመታት መለሳቸው። እነሱም ከዚያው ባሕር የተቀዳ ውሃ በመርከብ ላይ እየተጣራ ጠጥተናል፣ ታጥበናል ብለው ተሟገቱ። በ2019 ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። የአገሪቱ የባሕር ክልልም፣ 12 የባሕር ማይል፣ «ቬትናም» ነው ተባለ። በ2022 የወጣው ፓክት የተባለው ሕግ ታይላንድንና ሌሎች ቦታዎችንም ጨመረ።

ይኸው ሕግ ለኋላኞቹ ዘማቾችም ተመሳሳይ ግምት አወጣ፤ በጦር ሠፈር ቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ጭስ ለተጎዱት። ከቦታዎቹ መካከል ኢራቅ፣ አፍጋኒስታን፣ ሶማሊያና ጅቡቲ አሉበት። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ካገለገሉት ልጆቻችን እዚያ የነበረ ካለ የስንብት ወረቀቱን ከመሳቢያ ያውጣው። ማመልከቻው በነፃ ነው። የሟች ባለቤትም መጠየቅ ትችላለች።

ቬትናሞቹስ? መርዙ የወረደው በመንደራቸው ላይ ነው። በ2004 ኩባንያዎቹን ኒውዮርክ ላይ ከሰሱ። ጉዳያቸው የደረሰው የ1984ቱን ዕርቅ ያጸደቁት ዳኛ ጃክ ዋይንስታይን ዘንድ ነበር። እሳቸውም በ2005 ክሱን ዘጉት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2009 አላየውም አለ። አሜሪካ መርዙ በተረጨባቸው አካባቢዎች ለሚኖሩ አካል ጉዳተኞች እርዳታ ስትሰጥ ቆይታለች፤ ካሳ ብላ ግን አትጠራውም። እርዳታው የሚሰጠው «የጉዳቱ ምክንያት ምንም ይሁን ምን» በሚል ቃል ነው።