በድንጋይ ሽበት ውስጥ የሚኖሩ አልጌዎች፦ ከሐዋሳ ዛፎችና ድንጋዮች

በበጋ ከፍቅር ሐይቅ ወደ አሞራ ገደል የሐይቁን ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው፣ የዋርካዎቹ ግንድ ላይ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ግራጫ ልጥፍ ያያል። ታቦር ተራራ ላይም ድንጋዩ በግራጫና በቢጫ ተዥጎርጉሯል። ብዙ ሰው የዛፍ በሽታ ይመስለዋል። የያዘውን ውሃ ጥቂት ጠብ ቢያደርግበት ግን ግራጫው ዓይኑ እያየ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ላዩ ሲርስ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለው ብቅ ይላል፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ አልጌ ነው።

የድንጋይ ሽበት፣ በሳይንሱ አጠራር ላይከን፣ ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት አካል ነው። ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ከኃይለኛ ፀሐይ ይከላከላል። አልጌው በብርሃን አስተፃምሮ ምግብ ያዘጋጃል፤ ከዚያም አብዛኛው ለፈንገሱ ያልፋል። ይህ ለረጅም ዘመን አልታወቀም ነበር። አረንጓዴዎቹ ህዋሳት የላይከኑ የራሱ አካል ተደርገው ይታዩና «ጎኒዲያ» ይባሉ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንዴነር እ.ኤ.አ. በ1867 ላይከን ሁለት ፍጡር ነው ሲል በዘመኑ የነበሩ ታላላቅ የላይከን ተመራማሪዎች አጥብቀው ተቃወሙት። እ.ኤ.አ. በ1869 ደግሞ ጎኒዲያ የተባሉት የትኞቹ የአልጌ ዓይነቶች እንደሆኑ ለይቶ አሳተመ። ፈንገሱን በጌታ፣ አልጌዎቹን በባሪያ መስሎ ነበር የጻፈው። እኔ ግን ጉዳዩ በዚህ ምሳሌ የሚያልቅ አይመስለኝም፤ ብቻውን ፀሐይ በበዛበት ድንጋይ ላይ ሊቆይ የማይችል ስንት አልጌ እዚያ ቤት ውስጥ ከነነፍሱ ይኖራል።

በስም አሰጣጥ በኩል ግን አልጌው በእርግጥ ተበድሏል። በዓለም አቀፉ ሕግ መሠረት ለላይከን የሚሰጠው ስም የፈንገሱ ስም ነው። አልጌው የራሱ ስም ቢኖረውም፣ በየሙዚየሙ ናሙና ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ አያነሳውም። ላይከን የሚሠሩ ፈንገሶች 20,000 ገደማ ዝርያ ሲሆኑ፣ ስም የወጣላቸው የላይከን አልጌዎች ግን ጥቂት መቶ እንኳ አይሞሉም። ብዙ ፈንገሶች አንዱን የአልጌ ዝርያ ይጋሩታል ማለት ነው፤ ለይቶ የመሰየሙ ሥራ ወደኋላ መቅረቱም አንዱ ምክንያት ነው።

ከላይከን አልጌዎች ሁሉ የተስፋፋው ወገን፣ ማለትም የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ፣ ትሬቡክሲያ ነው። ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። ከግንድ ላይ በጥፍር ትንሽ ፍቆ፣ በውሃ ጠብታ ጨፍልቆ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው፣ ቀጫጭን ነጭ የፈንገስ ክሮች መሃል አረንጓዴ ድቡልቡል ህዋሳት ያገኛል። እያንዳንዱ የሚሊሜትር መቶኛ ያህል ነው። በመሃሉ እንደ ኮከብ ጨረር የዘረጋ አንድ ትልቅ ክሎሮፕላስት፣ ማለትም ምግብ የሚዘጋጅበት አረንጓዴ የህዋስ ክፍል፣ ይታያል። ይህን ኮከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ቶሎ ዓይኑን ከመስታወቱ አያነሳም። አስቴሮክሎሪስ የሚባለው የቅርብ ዘመድም ኮከባማ ክሎሮፕላስት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ ተለየ።

አልጌ በመልኩ ብቻ መመደብ አስቸጋሪ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ፈንገሱ ውስጥ ሲኖር ቅርጹ ይለወጣል፤ በነጻነት ሲያድግ የሚያሳያቸውን የመራቢያ ህዋሳትም ብዙ ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ ተመራማሪዎች አልጌውን ከላይከኑ አውጥተው ለብቻው በቤተ ሙከራ ያሳድጉት ነበር። የዲኤንኤ ንባብ ከመጣ ወዲህ ደግሞ አንድ ዝርያ ይባል የነበረው ብዙ ሆኖ ተገኘ። በትሬቡክሲያ ውስጥ በሥርዓት ስም የያዙት 30 ገደማ ሲሆኑ፣ ዲኤንኤው የሚያሳየው ከዚያ በብዙ የበለጠ የዘር ሐረግ ነው። በአንድ ላይከን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ትሬቡክሲያዎች ጎን ለጎን ሲኖሩም ታይቷል።

ሁለተኛው ትልቅ ወገን ትሬንቴፖሊያ ነው፤ ሞቃትና እርጥብ አገር ይወዳል። አረንጓዴ አልጌ ቢሆንም በካሮቲን ቀለም ብዛት ብርቱካናማ ነው። ለስላሳ ቅርፊት ላይ ሰው በእስክሪብቶ የሞነጫጨረ የሚመስሉ ጥቋቁር መስመሮች ካዩ፣ ግራፊስ የሚባለው ላይከን ሊሆን ይችላል፤ በጥፍር ሲፋቅ ከሥሩ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ይወጣል። የዚሁ ዘመድ ሴፋሌውሮስ በቡና፣ በማንጎና በአቮካዶ ቅጠል ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ እየሠራ ገበሬውን ያስቸግራል። አንዳንድ ፈንገስ ያዝ ሲያደርገው ደግሞ እሱም የቅጠል ላይከን ይሆናል።

ሦስተኛው ኖስቶክ በእርግጥ አልጌ አይደለም፤ ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ ነው፤ በልማድ ግን አብሮ ይቆጠራል። ህዋሳቱ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተደርድረዋል። ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለሕይወት ወደሚጠቅም መልክ ይለውጣል። ኖስቶክ ያለበት ላይከን ደርቆ ጥቁር ወረቀት ይመስልና ሲርስ እንደ ጄሊ ያብጣል። በውሃ በኩል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ አረንጓዴ አልጌ ያለው ላይከን የማለዳ እርጥብ አየር ብቻውን ሥራ ሊያስጀምረው ይችላል፤ ኖስቶክ ግን ፈሳሽ ውሃ ይፈልጋል። የሚሰጡት ምግብም ይለያያል፦ ትሬቡክሲያ ሪቢቶል፣ ትሬንቴፖሊያ ኤሪትሪቶል የተባሉ የስኳር ዘመዶችን፣ ኖስቶክ ደግሞ ግሉኮስ የተባለውን ስኳር ይሰጣሉ። አረንጓዴ አልጌ ዋና ሆኖ፣ ኖስቶክ በትናንሽ ኪንታሮት መሰል እብጠቶች ውስጥ የሚቀመጥባቸው ላይከኖችም አሉ።

የፈንገሱ ዘር በነፋስ ሲበተን አልጌ አይዝም፤ ያረፈበት ቦታ ላይ ተስማሚውን ማግኘት አለበት፣ አንዳንዴም ከጎረቤት ላይከን ይወስዳል። ሌሎች ላይከኖች ሁለቱንም የያዘ ዱቄት ያራግፋሉ። በከተማው መንገዶች ዳር ግን የዛፉ ግንድ ከሥሩ እስከ ወገብ ድረስ ኖራ ይቀባል፤ የተቀባው ክፍል ይሸፈናል። አልጌውን ማየት የሚፈልግ ሰው ከኖራው መስመር በላይ ያለውን ቅርፊት ይመልከት፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ከሆነ ደግሞ ውሃ መያዝም አያስፈልገውም።